የቦራ ዘር በጉያዬ

እኛ የጉለሌ ሰዎች እንጦጦን የምናውቀው ከፊቱ ነው። ጀርባውን ያየ ከመሃላችን ጥቂት ነው። እኔም ከጋራው ማዶ፣ ከጫንጮ ወዲያ ያለውን አገር ያየሁት ባለፈው ጥቅምት ድንጉላ ፈረሳችንን ቦራን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር «ያ የፈረሱ ነገር ምን ላይ ደረሰ?» ይሉኛል። ለአንዷ ስነግር ሌላዋ ሳትሰማ ትቀራለች። እንግዲያው እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ እዚያ የምትሄዱ ስለማይመስለኝ መንገዱንም ምግቡንም አልተውኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ላስረዳ። ቦራ ዳማ ፈረስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግንባሩ ላይ ካለው ነጭ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከጫንጮ ማዶ ከሚኖሩት ወዳጁ ከጋሽ ቱፋ ጋር ሆኖ ነው ያሳደገው። ውላቸው የቃል ውል ነው። ፈረሱ እኛ ዘንድ ሆኖ እንጦጦ ላይ ጎብኚ ያንሸራሽራል። የጋሽ ቱፋ ባዝራ፣ ሎሚ የምትባለው ሴት ፈረስ፣ በየዓመቱ ድንጉላ ስትፈልግ ደግሞ ይሄድላታል። ከሚወለዱት ውርንጭላዎች የመጀመሪያው የእኛ፣ ቀጣዩ የእነሱ እያለ ይቀጥላል። ባለቤቴ ግን ፈረሱ ለዚህ ሳይደርስ አረፈ። ከዚያ ልጄ ሄኖክ ሁለት ዓመት ወሰደው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሎሚ ሳትይዝ ቀረች። እሷ ከዚያ በፊት ከሌላ ድንጉላ ወልዳ ስለነበር ጥፋቱ የቦራ ሆነ።

ሰበብም አገኙለት። የቦራ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ አብጦ ሐኪም የእብጠትና የህመም ዱቄት አዞለት ነበር። እግሩ ሲነሳበት በፉርሽካ ለውሼ እሰጠዋለሁ። እኔ መድኃኒት ላይ ቀልድ አላውቅም፤ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ሽሮፕ ስሰጣቸው እንኳ ማንኪያውን ወደ ብርሃን አንስቼ ነበር የማየው። ከታዘዘው አንዲት ቁንጥር አላሳለፍኩም። የጋሽ ቱፋ የበኩር ልጅ በዳዳ ግን ደውሎ ዱቄቱ ዘሩን አድርቆታል፣ ይኮላሽና አርፎ ሰው ይጫን አለን።

ውሉ የሁለት ቤት ስለሆነ ያለ እኔ ፈቃድ አይኮላሽም። ቦራ እስከ ዛሬ አንድ ልጅ የለውም። ከተኮላሸ ባለቤቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ያሳደገው ዘር እዚያው ቀረ ማለት ነው። በስልክ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ጫንጮ ያለችው የእንስሳት ሐኪም ዘሩን በማይክሮስኮፕ ታየዋለች፤ ባዶ ከሆነ እዚያው ይኮላሻል። ሄኖክ ሥራ አልለቀቀውም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው አፍ መስማት አልፈለግኩም። ራሴ ልሂድ አልኩ።

ማክሰኞ

አይሱዙው በጠዋት መጣ። ፈረስ መኪና ላይ መጫን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ የመኪናውን ኋላ ከቤታችን በላይ ካለው ቁልቁለት ጋር አስጠግቶ አቆመና መሬቱና የመኪናው የጭነት ወለል እኩል ሆኑ። ቦራ ግን አንድ እግሩን አሳርፎ መለሰው። ሄኖክ ከፊት ሳበ፣ ጎረቤት ከኋላ ገፋ፤ አልሆነም። በመጨረሻ እኔ ራሴ መኪናው ላይ ወጣሁና የፉርሽካ ሳፋውን ይዤ ቆምኩ። ይሄኔ ተከትሎኝ ገባ። ሲገባ ግን ለጋሽ ቱፋ ቤት የጋገርኩት ድፎ ዳቦ ያለበትን ዘንቢል ረገጠው። ዳቦው ላይ ኮቴው እንደ ማኅተም ታተመ። ሌላ ለመጋገር ጊዜ የለ፣ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ጠርጌ መልሼ ጠቀለልኩት።

እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ። አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ እያየሁ ሹፌሩን ቀስ በል እለው ነበር። መጀመሪያ እሺ አለኝ፣ ቀጥሎ ዝም አለኝ፣ ከዚያ ሳይስቅ «እናቴ፣ ከዚህ በላይ ካዘገምኩ ፈረሱ ወርዶ በእግሩ ይቀድመናል» አለ። ከዚያ በኋላ በልቤ ብቻ ቀስ በል እያልኩት ሄድን።

ጋራውን እንዳለፍን አገሩ ይዘረጋል። በእኛ በኩል ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ እዚያ ግን ከሱሉልታ ጀምሮ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው። የታጨደው ተከምሯል፣ ያልታጨደው በነፋስ ይተኛል። እኛ ሄኖክን ልከን በሸክም የምናስመጣው ድርቆሽ እዚያ እንደ ቤት የቆመ ክምር ነው። ቦራ ሽታው ደርሶት መሰለኝ ከኋላ አሽካካ። ጫንጮ ወርደን ሻይ በዳቦ በላን። ሻዩ እኛ ጳውሎስ አካባቢ ከምንጠጣው ስኳሩ ይበዛል። ብርጭቆው ግን ንጹሕ ነበር፤ ይህን የምለው አስቀድሜ ስላየሁት ነው።

ከአስፋልቱ ዳር በዳዳ ጠበቀን። ረጅም፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በስልክ ስለተቀየምኩት ኮስተር ብዬ ሰላም አልኩት። እሱ ግን ሻንጣዬንም ዘንቢሌንም ከእጄ ነጥቆ ተሸከመ። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ ጠዋት የቀለጠ ውርጭ ጫማዬን እንደ ሊጥ ያዘው። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሲቀር በዳዳ ተመልሶ አወጣልኝ፤ በሣር ጠርጎም አጠለቀልኝ። በዚህ መሃል ስለ ቦራ መተረቡን አልተወም። የከተማ ፈረስ ስለሆነ እንደ ከተማ ሰው ያለ መድኃኒት አያድርም አለኝ።  ጫማ ያጠለቀልኝን ሰው ወዲያው መቆጣት ከበደኝ።

ጋሽ ቱፋ «አስካለ» እያሉ ከበር ወጥተው ተቀበሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤቴን አስታውሰው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ባለቤታቸው ጫልቱ ከእኔ ጋር እኩያ ናት። ገና ሳልቀመጥ ሙቅ ውኃ አምጥታ ጭቃውን ከእግሬ አጠበችው፤ እምቢ ብልም አልሰማችኝም። ዳቦዬን ሳወጣ ኮቴውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዳዳ ቦራ ራሱ ባርኮት መጥቷል ብሎ የታተመበትን ቁራጭ ለራሱ ወሰደ።

አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ መደብ ላይ ተኙ። የጉለሌን ብርድ ብርድ ስል ኖሬያለሁ። የዚያ አገር ብርድ ግን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤም አጥንቴ ገባ። በጥቅምት አንድ አጥንት ያለው ሰው ጫንጮ ማዶ ያደረ መሆን አለበት።

ረቡዕ

በማለዳ ቦራን ለማየት ስወጣ ጫልቱን በጓሮ በኩል አገኘኋት። ሎሚ እዚያ ታስራለች። ግራጫ፣ ዓይነ ትልቅ ባዝራ ናት፤ የፊት ቀኝ ኮቴዋን ትንሽ አንሳ አንሳ ታደርጋለች። ጫልቱ አንድ ድቡልቡል ሊጥ ከመዳፏ አጎረሰቻት። ደህና አደርሽ ተባብለን ተላለፍን። እኛም ለቦራ ዳቦ እናጎርሰው የለ፤ ምንም አልመሰለኝም።

የአገሩን ደንብ ያወቅኩት በዚያን ዕለት ነው። እዚያ ባዝራ ድንጉላ ስትፈልግ ጠብና ግፊያ እንዳያገኛት ከመንጋው ትለይና ጓሮ፣ ሴቶቹ ዘንድ ትሰነብታለች። ድንጉላው ወንዶቹ ዘንድ መስክ ላይ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሴት ወደ መስኩ አትወጣም፤ ጓሮ ሳለች ደግሞ ወንድ ምን በላች ምን ጠጣች ብሎ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ እንጦጦ ላይ ሁሉም በሁሉም ይገባል። እነሱ ግን ነገሩን እንዲህ ለሁለት ከፍለው በጨዋነት ይይዙታል።

ሐኪሟ ከሰዓት በፊት በሞተር መጣች። ሌንሴ ትባላለች፤ ሄኖክን የምታክል ልጅ ናት። ቆብዋን አውልቃ ጋሽ ቱፋን ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፣ ቀጥላ ወደ ቦራ ሄደች። እግሩን ዳሰሰች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ሌላውንም ሁሉ አየች። ስለ ዱቄቱ ስትጠይቀኝ ማሸጊያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ጥዬው አልመጣሁም ነበር።

«ስንት ጊዜ ይሰጡታል?»

«እግሩ ሲነሳበት ብቻ። ሐኪሙ እንዳለኝ። ከዚያ አላሳልፍም።»

በዳዳ ከኋላ ሆኖ እሱ ነው ያደረቀው አለ። ሌንሴ ወደ እሱ ዞር ብላ ረጋ ባለ ድምፅ እንዲህ አስረዳችው፦ እስከተማረችው ድረስ ይህ ዓይነቱ የእብጠት መድኃኒት በልኩ ከተሰጠ የድንጉላን ዘር ያን ያህል ሲያበላሽ አልታየም፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ ብርቱ ትኩሳትና በዚያ አካባቢ የሚፈጠር እብጠት ራሱ ይጎዳዋል። ያም ቢሆን በቃል አይፈረድም፣ ዓይቶ ነው አለች። በዳዳ ራሱን ነቀነቀ፤ አላመናትም። ይባስ ብሎ የሚያኮላሸውን ሰው ለዓርብ ቀጥሮት እንደነበር የዚያኑ ዕለት ሰማሁ። ፊቴን ግን አላጠቆርኩም። የሰጠሁት መድኃኒት ልኩን የጠበቀ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ አልነበረም።

ሌንሴ ስለ ባዝራዋም ጠየቀች። መድኃኒት የምትወስደው አለ ወይ ስትል ወንዶቹ ሁሉ ምንም የለም አሉ። ውሸት አልነበረም፤ እነሱ የሚያውቁት ምንም አልነበረም።

ቀኑ ጾም ስለሆነ ሹሮ በላን። ያ ሁሉ የሱሉልታና የጫንጮ ወተት በየቤቱ ተቀምጦ ሰው ሁሉ በሹሮ ይውላል። ከሰፈራችን ሱቅ የምንገዛው ወተት ውኃ ውኃ ማለቱን ለጫልቱ ስነግራት አዘነችልኝ። ነገ ጠብቂ አለችኝ።

ሐሙስ

ጠበቅኩ። ጠዋት የቀረበልኝ ወተት ሲቀዳ ድምፅ አልነበረውም፤ እንደ ማር ነው የወረደው። በቅቤ ከታሸ የገብስ ጭኮ ጋር ጠጣሁ። ልጆቼ ሲያድጉ እንዲህ ያለ ወተት ባገኝ ኖሮ ብዬ ትንሽ ቆጨኝ።

ሌንሴ ገና በማለዳ ደርሳ ነበር። አስቀድማ የነገረችን ነገር አለ። የእንስሳት ጤና ጣቢያው ውስጥ እንደ ትልልቅ ቦታ ዘር መቀበያ መሣሪያ የላትም። ድንጉላው ከባዝራዋ ሲወርድ የሚንጠባጠበውን በትንሽ ጠርሙስ ትቀበላለች፤ ማይክሮስኮፑ ግን ያለው ጫንጮ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠርሙሱ የሰው ገላ ያህል መሞቅ አለበት። ብርድ ካገኘው ያለውም ይሞታል። እሷ ሞተር ስለምትነዳ ደረቷን ነፋስ ይመታዋል። ከኋላዋ ተቀምጦ በጉያው የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል።

በዳዳ እኔ እይዛለሁ አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩ። ያልታመነን ፈረስ ዘር ላላመነው ሰው አልሰጥም። ጋሽ ቱፋ ተቸገሩ፤ ሴት ወደዚያ አትወጣም። ሌንሴም ሴት ናት እኮ ብላቸው፣ እሷ ሐኪም ናት አሉኝ። በመጨረሻ ጫልቱ ከጓዳ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገሩን ቆረጠችው። «አስካለ እዚህ ትቀመጥ። ጠርሙሱ እዚህ ይምጣላት። ከዚያ ወዲያ የፈረስ ነገር መሆኑ ቀርቶ ሕፃን ማቀፍ ነው።» 

ጓዳ ሆነን ጠበቅን። ከመስኩ የቦራ ማሽካካት ይሰማል። ጫልቱ እጄን ይዛ ነበር። ቆይቶ ሌንሴ እየሮጠች ገባች። አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ በጥጥ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከቀሚሴ ውስጥ፣ ከጡቴ ሥር አስገባኋት፤ በመቀነቴ አሰርኩ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነጠላ፣ በላዩ ጋቢ። ብርድ የምፈራ ሰው መሆኔን በሰፈራችን ሁሉም ያውቃል። ልጆቼ በሰኔ ሹራብ ስላስለበስኳቸው የሳቀብኝ ሰው ስንት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ለሥራው ከእኔ የተሻለ ሰው በኦሮሚያም በአዲስ አበባም አልነበረም።

በሕይወቴ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰፈራችን ሞተር ሲያልፍ ግድግዳ ይዤ የምቆም ነኝ። አሁን የማላውቃትን ልጅ ወገብ አቅፌ በጥቁር አፈር መንገድ እንጓዛለን። አንድ ቦታ ጎማው ተንሸራትቶ ሁለታችንም ወደ ጎን ዘመም አልን፤ በአንድ እጄ ደረቴን ያዝኩ እንጂ እሷን አልያዝኩም። ሌንሴ ኋላ ላይ እንደነገረችኝ መንገዱን ሙሉ እመቤቴን ስጠራ ነበር። እኔ ድምፅ ያወጣሁ አልመሰለኝም።

ጫንጮ ስንደርስ ጠርሙሷን አወጣኋት። ሌንሴ በመዳፏ ያዘችና ትኩስ ናት፣ ጎበዝ አለችኝ። መስታወቱንም አሙቃ ጠብታውን አኖረችና ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ሰካች።  ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰው በግ አስሮ ይጠብቃል፣ በጉ ይጮኻል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የላም ሥዕል አያለሁ።

«ይምጡ፣ ይዩ» አለችኝ።

መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው ያየሁት። ትንሽ ጠመዘዘችልኝና ጠራ። እንዴት ልንገራችሁ፤ የሰፈራችን ትምህርት ቤት በር ሲከፈት የሚለቀቁትን ልጆች ታውቃላችሁ፤ እየተጋፉ፣ ጭንቅላት ጭንቅላታቸው ብቻ እየታየ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። እንደዚያ ነው። የሞተ የለም አልልም፤ አለ። የሚሮጠው ግን ይበዛል።

«ይሄ የመጨረሻው ጠብታ ነው» አለች ሌንሴ። «ከሁሉ ደካማው ክፍል። እዚህ እንዲህ ከሆኑ ፈረስዎ ባዶ አይደለም።»

አላለቀስኩም። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ቢኖር ይህን አጎንብሶ አይቶ ቀና ሲል ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ምንም አይልም፣ ቆቡን ያስተካክላል።

ሌንሴ ግን ግንባሯን አልፈታችም። ዘሩ ደህና ከሆነ ሎሚ ለምን ሁለት ዓመት አልያዘችም? በእጇ ስትመረምራት የሚታማ ነገር አላገኘችም። በእርግጥ ምንም መድኃኒት አትወስድም ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ለምሳሌ ለዚያ ለምታነሳው ኮቴዋ? ያን ጊዜ ነው ድቡልቡሉ ሊጥ ትዝ ያለኝ።

ስነግራት ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። «የባዝራ እንቁላል ከቋቱ የሚወጣው እንደ እባጭ ፈንድቶ ነው» አለችኝ። «ለመፈንዳት ትንሽ እብጠት፣ ትንሽ ቁጣ ይፈልጋል። እብጠት የሚያጠፋ መድኃኒት በእነዚያ ቀናት ጠዋት ማታ ከገባ ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ ይሆናል አልልም። ግን ሊጡ ውስጥ እሱ ካለ፣ ዛሬ ማታ ይቁም።»

ስንመለስ ወንዶቹ መስክ ላይ ነበሩ። ሌንሴ ዘሩ ሕያው መሆኑን ነገረቻቸው፤ ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ በዳዳ እንዲያው ዓይን አታሎሽ እንዳይሆን አላት። እኔ አልቆየሁም። ቀጥታ ጓሮ ገባሁ። በመንገድ ሁሉ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ሳስብ ነበር። አልጋዋን የለቀቀችልኝን፣ እግሬን ያጠበችኝን ሴት ጥፋቱ ያንቺ ነው እንዴት ይባላል?

ጫልቱ የማታውን ሊጥ እያድቦለቦለች ነበር። አጠገቧ ያለውን ማሸጊያ ሳየው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከቦርሳዬ ካለው ጋር አንድ ነው።

«ጫልቱ፣ ይሄን ማን አዘዘልሽ?»

«አንቺው ነሽ እንጂ» አለችኝ ሳቅ ብላ። «የቦራን እግር አዳነልኝ ብለሽ በስልክ አልነገርሽኝም? እኔም ከጫንጮ ገዛሁ። ይቺ ደግሞ ድንጉላ የፈለገች ጊዜ ኮቴዋ ይብስባታል፤ ቆማ መሸከም አትችልም። ጠዋት አንድ ማታ አንድ እሰጣታለሁ። ታሳዝናለች።»

«ለወንዶቹ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከጎኗ ቁጢጥ አልኩና ሌንሴ ያለችውን እንዳለችው ነገርኳት። እጇ ሊጡ ላይ ቆመ።  ከዚያ ሊጡን አንስታ ውሻው እንዳይበላው ፈርታ እሳት ውስጥ ከተተችው። ለእነሱ እኔ ልንገርልሽ ወይ አልኳት። አይ፣ ከእኔ አፍ ይስሙት አለች።

በእራት ላይ ነገረቻቸው። አንገቷን አልሰበረችም፤ ያደረገችው ለምን እንደሆነ፣ ምን እንደሰማች፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደቆመ። ጋሽ ቱፋ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩና «እንግዲያ ሁለት ዓመት ፈረሱን ስንረግም መልሱ ከጓሯችን ኖሯል» ብለው ሳቁ። ሲስቁ እሷም ቀለላት። በዳዳ አጎንብሶ ይበላል። ይህን ጊዜ እኔ ዝም አላልኩም።

«ዱቄቱ ነው ያልከው ልክ ነበርክ» አልኩት። «የሳትከው የበላውን አፍ ነው።»

እናቱ እንኳ ሳቀች። እሱም ትልቁን ሥጋ ከፊቱ አንስቶ ወደ እኔ ገፋው። ይቅርታ እንዲህም ይጠየቃል።

ዓርብ

የሚያኮላሸው ሰው መሣሪያውን በከረጢት አንጠልጥሎ በቀጠሮው መጣ። ማንም ስልክ መደወሉን አላስታወሰም። በዳዳ አፍሮ እስኪያስረዳው ሰውዬው ከአጥሩ ላይ ሆኖ ቦራን በሙያ ዓይን ሲያየው ቆየ። ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ሰውዬው ሲበቃው፣ ሥራ ከቀረ ምሳ አይቀርም ብሎ ገባና በሹሮ ከሁላችን በላይ በላ። ደግ ሰው ነው። ሲወጣ ቦራን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መረቀው።

የዕለቱ ፈተና ግን ሎሚ ነበረች። መድኃኒቱ ሲቋረጥባት ማነከሷ ጎልቶ ወጣ። ኮቴዋን አንስታ ትቆማለች፣ ዓይኗን ወደ እኛ ታዞራለች። ሌንሴ ኮቴዋን ሞርዳ፣ መቆሚያዋ ላይ ገለባ እንዲጎዘጎዝና በቀን በቀን በወንዝ ውኃ እንዲቀዘቅዝላት አዝዛለች። የባሰ ከሆነ ደውሉልኝ፣ በራሳችሁ ግን አትስጡ ብላ ነው የሄደችው። ጫልቱ ውኃውን እያፈሰሰች ታለቅሳለች። ግማሽ ብቻ ብሰጣትስ ትለኛለች። ግማሿም ትከለክል ይሆናል እላታለሁ።

እውነቱን ከነገርኳችሁ የእኔም እጅ ይበላኝ ነበር። ልጆች አሳድጌ፣ ሳል የሰማሁበት ቀን ዳማከሴ ጨምቄ፣ ትኩሳት የነካቸው ቀን ጳውሎስ ሮጬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሕመም አይቶ መቀመጥ አልለመደብኝም። ማሸጊያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬን ወስጄ ጋሽ ቱፋ ዘንድ አስቀመጥኩና ሲመሽ እንዲሰጡኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ከጫልቱ ጋር ተፈራርቀን ውኃ ስናፈስ ዋልን። የወንዙ ውኃ እጅ ያደነዝዛል። ወደ ማታ ሎሚ ኮቴዋን መሬት ላይ አሳረፈች፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን አሳረፈች።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ደግመው አገናኟቸው። ሎሚ እያነከሰች ወደ መስክ ሄደች፣ ቆመችም። እኔና ጫልቱ በደንቡ መሠረት ጓዳ ነበርን። በዚህኛው ጊዜ የሚያዝ ጠርሙስ ስላልነበር እጃችን ሥራ አጣ፤ ጎመን ቀነጠብን።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ተነሣሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው ትንሽ ናት፤ ዲያቆኑ ግን ከእኛ ሰፈሩ ድምፁ ይበልጣል። ጫልቱ ቅቤ በቅል፣ ጭኮ በአገልግል፣ በዳዳ ደግሞ ሁለት እስር ድርቆሽ ለቦራ ስንቅ አመጡ። ያው አይሱዙ መጣ። ቦራ ያለ ምንም ሳፋ ዘሎ ገባ። ጋሽ ቱፋ ቤቱን ናፍቋል አሉ፤ እኔ ግን ድርቆሹን አይቶ ነው ባይ ነኝ። ጋራውን ተሻግረን ከታች የጉለሌ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ሳይ፣ ሹፌሩን ፍጠን በል ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህን ስጽፍ ጥቅምት አልፎ ኅዳርም ተጋምሷል። ሌንሴ ሎሚን ልትመረምር ቀጠሮ ይዛ ነበር። ያን ጊዜ ወንዶቹ ይደውላሉ ብዬ ስጠብቅ የደወለችው ጫልቱ ናት። ከጓሮው መሆኗን ከዶሮዎቹ ድምፅ አወቅኩ።

«ይዛለች» አለችኝ።  «ለመስከረም ነው። የመጀመሪያው የእናንተ ነው፤ ውሉ ነው።»

እልል ማለት ቃጣኝ፣ አፌን ያዝኩ። ሄኖክ አጠገቤ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ገባው። ጫልቱ ግን አልጨረሰችም። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሎሚ ዛሬም ታነክሳለች፣ ሐኪሟ አይታ እስክትወስን ምንም አትስጪ ብላታለች፣ ምን ላድርግላት አለችኝ።

ማሸጊያው ከፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበር። «ውኃውን አፍሺላት» አልኳት። «አጠገቧም ሁኚ። ለጊዜው ትንሽ ታነክስ።»

ስልኩን ስዘጋ ሄኖክ አፍጥጦ ያየኝ ነበር። በልጅነቱ ጉልበቱ ሲቧጨር ሦስት ቀን ከቤት ያላስወጣሁት ልጅ ነው። ምን ታያለህ፣ ሂድና ለአባትየው ንገረው አልኩት። ወጣና በጋጣው በኩል ለቦራ ሲያወራው ሰማሁት።